ዳቦ ቤት የሚሄደው የተራራ መኪና

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ለውድ አባቴ፣ ለስልክ ዘጊው፣

«ዳቦ ለመግዛት የተራራ መኪና ምን ያደርግላችኋል» ብለህ ጆሮዬ ላይ ድርግም አድርገህ መዝጋት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? መልስ የለውም ብለህ ነው? መልስማ ሞልቶኛል። ደግሜ ስደውል አክስቴ አነሳችና «ተኝቷል» አለችኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። አንተ በዕድሜህ ፀሐይ ወጥታ ተኝተህ ታውቃለህ? ደግሞ እሷ ውሸት አትችልበትም፣ ከኋላዋ ስታስል ሰማሁህ እኮ።

እንግዲህ መጻፍ ነው። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። እጅ ጽሑፌን ታውቀዋለህ፣ ዶሮ ጭራው የሄደች ነው የሚመስለው። ፊደል ብገድፍም አትሳቅብኝ፤ እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ተጨባብጠን ነው የተለያየነው፣ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩት። ጎማ ግን ስጠኝ። በዚህ ከተማ ከኔ ፈጥኖ ጎማ የሚፈታ ጎሚስታ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነጂው ጓደኛህ ነው፣ ያ መሪውን በሆዱ የሚያዞረው። ነገ እዚያ ይገባል፣ ሐሙስ ጠዋት ተነስቶ ይመለሳል። መልስህን ለሱ ነው የምትሰጠው። ፖስታው ውስጥ ሌላም ነገር አለ። እሱን አሁን አትንካው፣ መጀመሪያ አንብብ።

መኪናውን ሊገዛ ካለው ጥርስ ሐኪም ልጀምር። «ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ መኪናውን ከነሊብሬው አስረክበው» ነው ያልከኝ። እሺ። ሰውየው ባለፈው ሳምንት ሊያየው መጥቶ ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ፊትህን የምታይበት ጫማ። አንዴ ዞረውና ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው።

«ምን እያደረጉ ነው ዶክተር?» አልኩት።

«ጥንካሬውን እያየሁ ነዋ።»

«እኔም አንድ ቀን ክሊኒክዎ መጥቼ የሰው ጥርስ እንዲህ ባይ ቅር ይልዎታል?»

እማዬ በር ላይ ቆማ ስለነበረች በዓይኗ ገረፈችኝ። እሱ ግን ሳቀ። መጥፎ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልንገርህ። የከፋኝ ሌላ ነው። «እኔ እንኳ የምፈልገው ለእሁድ እሁድ ነው፣ ሌላ ሌላውን ቀን ቆሞ ነው የሚውለው» አለኝ። ቆሞ። አባዬ፣ በምንም ብትከራከረኝ በጎማ አትከራከረኝም። ሮጦ ከሚያልቅ ጎማ ቆሞ የከረመ ጎማ ነው ቀድሞ የሚሞተው። በአንድ ጎኑ ተኝቶ ይለምዳል፣ ከዚያ ብትነፋው ብትነፋው ክብ አይሆንልህም። ይቺን ነገር ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን የተራራ መኪናህ በቀን በቀን ምን እንደሚሠራ ስማ። ከሄድክ አራት ወር ሆነህ፣ ምንም አታውቅም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዳቦ ቤት ነው። ያን ቅያስ ታውቀዋለህ፣ ከተራራ አይተናነስም። ትንንሾቹ መኪኖች ሽው ብለው ይታጠፋሉ። የኛ ግን ክብሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ስለሆነ ሦስቴ ወደኋላ ሦስቴ ወደፊት ሳይል አይዞርም። አንተ እንደሄድክ ሰሞን ጣሪያው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ ረስቼው፣ የዳቦ ቤቱን የላስቲክ ጥላ ከነብረቱ አናቴ ላይ ይዤ ሄድኩ። እስከ አደባባዩ ድረስ። ሰው ሁሉ እጁን ሲያወዛውዝልኝ አድናቆት መስሎኝ በክላክስ ሰላም እያልኩ። ስመለስ ዳቦ ጋጋሪው እጁን አጣጥፎ በር ላይ ይጠብቀኛል።

«ቤቱን ስለተውክልን እናመሰግናለን» አለኝ።

ጥላውን በራሴ እጅ ነው የሰቀልኩለት፣ ከድሮው አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ። ድሮ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚቆመው፣ አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማን ያመጣው ለውጥ ነው? ስም አልጠራም።

ከዳቦ ቤት ታናሽ እህቴን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ቃጭል ያልናት አለነገር አይደለም፣ አፏ ብሶባታል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሞተሩ ሳይሰማኝ ነው የምደርሰው። ትናንሽ መኪና ላይ ተቀምጠው የሚመጡ ጓደኞቿን ከላይ ወደ ታች ስታያቸው ንግሥት ናት። «የሒሳብ አስተማሪያችን አናቱ መላጣ መሆኑን እኮ ያወቅኩት ከዚህ ላይ ሆኜ ነው፣ ክፍል ውስጥ ማንም አያውቅም» ትለኛለች። ያን ምስጢር እስከ እረፍት ሰዓት የምትይዘው ይመስልሃል? እኔም አይመስለኝም።

ከዚያ እማዬ። የእማዬን ቁመት ታውቀዋለህ፣ «እግዜር እኔን ሲሰፋ ጨርቅ አጥሮት ነው» የምትለው እሷው ናት። ድሮ አንተ ስትነዳ በብብቷ ይዘህ ታወጣት ነበር። እኔ ግን ሞክሬ ጆሮዬን በቡጢ አገኘሁት። ስለዚህ ከጋቢናው ሥር መርገጫ ብረት አስበየድኩላት፣ አሁን ማንንም ሳትጠብቅ ዘላ ትገባለች። ሱቋ ስንደርስ ከኋላ ጥቅል ጥቅሉን ጨርቅ እናወርዳለን። የሦስት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዛለች ዘንድሮ። ድሮ ያን ሁሉ ጨርቅ በጋሪ አድርጋ፣ ጋሪውም መንገድ ላይ ጥሏት፣ ዝናብም መቷት ነበር። አሁን የኋላውን ወንበር አጠፍ ታደርግና ሙሉ ሱቅ ይገባል። ማታ መልስ ላይ ደግሞ የተሰፋውን ሱሪ በፖርቶ መጋላው ብረት ላይ ደርድሬ በላስቲክ እሸፍነዋለሁ። ሠላሳ ሱሪ ያለ ሰው እግር አናቴ ላይ እየሮጠ ከተማውን ሳቋርጥ ማየት ነበረብህ።

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ የመጀመሪያው ትልቁ ዝናብ ወረደ። ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ዝቅተኛ መንገድ ወንዝ ሆነ። ትንንሾቹ መኪኖች እንደ ሳሙና ሳህን ተንሳፍፈው ቀሩ፣ አንዱ ሰውዬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ስልክ ይደውላል። ልጆቹ ማዶ ቆመዋል። እኔ ምን አደረግኩ? አንተ ያልከኝን። ፎርዊል የሚገባው ውሃ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ነው፣ ከገባህ በኋላ የሚያስገባ ሰው ዘግይቶ ንስሐ የሚገባ ነው። አንደኛ ማርሽ፣ ዝግ ብሎ፣ መሃል ላይ ሳይቀይሩ ሳይቆሙ። ውሃው እስከ መርገጫው ደረሰ፣ መኪናው ግን ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። ሦስቴ ተመላልሼ ሠላሳ አንድ ልጅ አሻገርኩ። ሁሉም የለበሱት እማዬ የሰፋችውን ዩኒፎርም ነው። አንዷ እናት ግንባሬን ሳመችኝና «የማን ልጅ ነህ?» አለችኝ። ያንተ አልኳት። በስምህ ጠርቼ። «እሳቸው ደህና ናቸው? መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። መልሱን አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላወቅኩትም።

እና ይሄ መኪና ነው ለእሁድ እሁድ የሚሆነው።

ነዳጅ ይጠጣል ትላለህ። አዎ ይጠጣል። አጎቴም ይጠጣል፣ ግን አልሸጥነውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቁጭ በል፣ ተቀምጠህም ከሆነ ደገፍ በል። ከዳቦ ቤቱ ጥላ በቀር እስካሁን የነገርኩህን ሁሉ፣ ቃጭልንም፣ ሱሪውንም፣ ጎርፉንም፣ የነዳሁት በአንድ እግር ነው። በቀኝ እግሬ። ግራ እግሬ ከጉልበቱ ታጥፎ፣ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር ታስሮ። አምስት ሳምንት ሞላኝ።

አላበድኩም። ከሐኪም ቤት ወጥተህ ለሰው ሠራሽ እግር ልኬት ወደ አክስቴ ስትሄድ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግር ነው የሄደው፣ እንግዲህ መንዳት በቃኝ» አልክ። እንደ ቀልድ ነው ያልከው። ሰዎቹም ሳቁ። እኔ ግን ያቺ ቃል እንደ ምስማር ተሰክታብኝ ቀረች። ጎሚስታ ነኝ፣ የተሰካ ምስማር አይቼ ማለፍ አልችልም።

መኪናውን ወስጄ ብረት በያጁ ጋ አቆምኩት። ዝምታ የምንለውን ማለቴ ነው፣ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማያወጣውን። «ፍሪሲዮኑን በእጅ የሚሠራ አድርግልኝ» አልኩት። አየኝ፣ ከዚያ መነጽሩን አጠለቀ። ያ እሺ ማለት ነው።

መጀመሪያ በሩ በኩል ረጅም ብረት ሠራን፣ በግራ እጅ የሚሳብ። ሐሳቡ የኔ ነበር፣ ስለዚህ እኔው ልሞክረው ገባሁ። በግራ እጄ ብረቱን ሳብኩ፣ በቀኝ እጄ ማርሽ አስገባሁ፣ ለቀቅኩት፣ ሄደ። አቤት ደስታዬ። ከዚያ ሁለተኛ ልቀይር ስል አንድ ነገር አሰብኩ፤ መሪውን ማን ያዘው? ማንም። የዝምታን የቆሻሻ በርሜል እንደ ወረቀት ጨፈለቅነው። እሱ በርሜሉን አየ፣ እኔን አየ፣

«ሦስተኛ እጅ መበየድ አልችልም» አለ።

የቀኑን ቃል ነው በአንዴ የጨረሰው።

አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሱቄ የብስክሌት ጎማ እየለጠፍኩ ሳለ ፍሬኗን በእጄ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አደርጋለሁ። ድንገት ብድግ አልኩ። ብስክሌቷን እንደተገለበጠች ትቼ ሮጥኩ፣ ባለቤቷ «ኧረ ጎማዬ» እያለ እስከ ዝምታ ጋ ተከተለኝ። ሦስተኛ እጅ አያስፈልግም አባዬ። ማርሽ የሚቀይረው እጅ ራሱ ፍሪሲዮኑን ይያዝ። የብስክሌት ፍሬን የመሰለ እጀታ ማርሹ ላይ በየድን፤ ስትጨብጠው ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ በዚያው እጅህ ማርሹን ትቀይራለህ፣ ቀስ ብለህ ትለቀዋለህ። ግራ እጅህ ከመሪው ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ጠንክሮ ጣቴን ሊሰብረኝ ነበር። ከተጣለ ሚኒባስ ላይ ሰርቮ የሚሉትን ድስት የመሰለ ነገር አውጥተን ኮፈን ሥር ገጠምንበት፣ እሱ ጉልበቱን ያግዛል። አሁን ቃጭል እንኳ በሁለት ጣቷ ትጨብጠዋለች። ይሄን ያሰበው ማን ነው? ስምንተኛ ክፍል።

ግን አንድ ነገር አበላሽቼ ነበር፣ የያዘችኝም እማዬ ናት። ሠርቼ ስጨርስ በኩራት ጋቢና አስገባኋትና አንድ ዙር ነዳሁላት። መንገዱን ትታ እጄን ታያለች። ስንቆም፣

«ይሄ የማን ክንድ ነው?» አለችኝ።

«እንዴት የማን? የኔ ነዋ።»

«መኪናው ላንተ ነው የተሰፋው?»

«አይ፣ ለሱ ነው።»

«ታዲያ ልብስ የሚሰፋው በሰፊው ክንድ ነው እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ?»

ለካ ሁሉንም የለካሁት በራሴ ነው። ወንበሩን ወደፊት ስቤ፣ እጀታውን ለኔ ክንድ አሳጥሬ። አንተ ብትገባ ጉልበትህ ከመሪው ጋር ይሳሳም ነበር። እማዬ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደች። ያ ግራጫ ኮትህ አሁንም ከወንበሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ ማንም አላወረደውም። እጅጌውን ከትከሻ እስከ አንጓ ለካችው፣ ከክርን እስከ አንጓ ለካችው፣ ቁጥሩን እየጠራች ለዝምታ ነገረችው። እሱም ቆረጠ፣ እንደገና በየደ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችና ሐዲዱ ላይ ያለችውን የዝገት ምልክት፣ ስንት ዓመት የተቀመጥክባትን፣ ፈልጋ አገኘቻት። እዚያ ላይ ቆልፋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ንቅንቅ የለም» አለች። ኮቱን መልሳ ስትሰቅለው ትንሽ ቆየች። እኔ ጎማ የማይ መሰልኩ።

ስለዚህ እኔ ጀርባዬ ላይ ትራስ አድርጌ ነው የምነዳው። ይሄን ለማንም አትናገርብኝ።

ለምን አሰርከው ትለኛለህ። አንደኛ፣ ያልታሰረ እንደሆን ግራ እግሬ ሳላዘው ይሮጣል፣ የለመደ ነው። ሁለተኛ፣ እኔ በሁለት እግሬ እየነዳሁ «በአንዱ ይቻላል» ብልህ አንተ ታምነኛለህ? አታምነኝም። እኔም አላምነኝም። ቀበቶውን የሰፋችው እማዬ ናት፣ ውስጡ ስፖንጅ አለው፣ አንዴ ጎተት ስታደርገው የሚፈታ። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀብኝ። እስረኛው ነው የሚሉኝ አሁን። ዳቦ ጋጋሪው ስንጠጋ «እስረኛው መጣ፣ ዳቦውን በመስኮት ስጡት» ይላል። ይበል። የመጀመሪያው ቀን ቅያሱ ላይ አምስቴ አጠፋሁት፣ ኋላዬ የተሰለፈው መኪና ክላክስ የሠርግ ያህል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዴም አላጠፋሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዳገት ላይ ቆሜ ወደኋላ አንድ ጣት ሳይንሸራተት ተነሳሁ። አሁን እግሬ መታሰሩን ራሴም እረሳለሁ፣ ወርጄ ልራመድ ስል ነው የምወድቀው።

ይሄም ብቻ አይደለም። የመኪናው ዓመታዊ ምርመራ ደርሶ ነበር። ፈራሁ፣ እውነት ነው ፈራሁ፣ «አውጡት» ቢሉኝስ ብዬ። ተቆጣጣሪው ቀጭን ሰውዬ ነው፣ ብዕሩን ከጆሮው የማያወርድ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ ማርሹን አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፍሪሲዮን ነው። በእጅ።»

«ለማን?»

«ላባቴ።»

ገባና ግራ እግሩን ወንበሩ ላይ አጠፈ። እኔ ሳልነግረው። ግቢውን ሁለቴ ዞረ፣ በቆሙት በርሜሎች መካከል ገባ ወጣ አለ፣ ዳገቷ ላይ ቆመ፣ ተነሳ። ሲወርድ ብዕሩን ከጆሮው አወረደ።

«ከኔ መኪና ይለሰልሳል» አለ።

ከዚያ ደግሞ፣ «መኪናው አልፏል። ሰውየው ግን አላለፈም፣ ራሱ መጥቶ ይንዳልኝ። ከነዳልኝ መንጃ ፈቃዱ ላይ እጽፍለታለሁ» ብሎ ቀን ቆረጠልህ። ሰኞ፣ ሰኔ 30፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ስምህን በመዝገቡ ሲጽፍ አይቻለሁ።

አየህ ለምን ስልክ እንደምደውል? ይሄን ልነግርህ ነበር የደወልኩት። አንተ «ዳቦ» ብለህ ዘጋህብኝ።

አክስቴ ሁሉንም ነግራኛለች። አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። አዲሱ እግር ከመጣ አንድ ወር አልፎታል። ልክህ ነው አሉ፣ ሐኪሙም ያለችግር ይራመዳል ብሏል። አንተ ግን በፌስታል ጠቅልለህ አልጋ ሥር አስቀምጠኸዋል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለህ። «እዚሁ ብከርም ምን ቸገረኝ» ብለሃታል። መኪናውን ለመሸጥ የፈለግከውም ነዳጅ ስለሚጠጣ አይደለም። ስለ ቆመ ጎማ የነገርኩህን አሁን አንብበው።

አንድ ነገር ልጻፍና ልለፍ፣ አንተም ካነበብክ በኋላ እለፈው። ጥቅምት ላይ መድኃኒትህን ልታመጣ በእግርህ የሄድክ ዕለት፣ በዚያ አዲስ ጫማ፣ መኪናው ቤት ያልነበረው እኔ ሳልጠይቅህ ወስጄው ነው። ወንዙ ዳር አሸዋ የጫነ አይሱዙ ተቀርቅሮ ነበር፣ ሄጄ በገመድ ጎተትኩት። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። እቤት ስገባ ስለ ጭብጨባው ሳወራልህ እግርህን ውሃ ውስጥ ነክረህ ነበር። «ጎበዝ» አልከኝ። ግራ ተረከዝህ የተላጠውን ሁለት ሳምንት በካልሲ ሸፍነህ ቆየህ፣ ስኳር ላለበት ሰው። እስከዛሬ አንድ ቀን መኪናው የት ነበር አላልከኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

በቃ፣ አለፈ። ዝምታ ሰላም ብሎሃል፣ ማለት አንገቱን ነቅንቋል። ቃጭል ለብቻዋ ስድስት ገጽ ጽፋልህ ነበር፣ ፖስታው አልዘጋ ስላለ አንዷን መርጣ ሰጠችኝ፤ ስለ መምህሩ መላጣ ነው። እማዬ ምን ልበልልሽ ስላት «ኮቱ አቧራ ይዟል በለው» ብላኛለች። ሌላ ነገር የለም ወይ ብላት መቀሷን አነሳች፣ ወጣሁ።

አሁን ፖስታውን ገልብጠው። ሁለተኛው ቁልፍ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ሁለቱንም ቁልፍ ካልተረከብኩ አልወስድም ብሏል፣ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አልወስድም። ልትሸጠው ከሆነ ቁልፉን ሐሙስ በአውቶቡስ ነጂው መልሰህ ላከው። ቅዳሜ ጠዋት ጎማውን ነፍቼ፣ ኮትህን አውጥቼ፣ አስረክበዋለሁ። አንዲት ቃል አልናገርም። እሺ፣ አንዲት ቃል ልናገር እችላለሁ። ካልሸጥከው ደግሞ ቁልፉን ኪስህ ክተተው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ነድቼ፣ በአንድ እግሬ፣ አክስቴ በር ላይ አቆመዋለሁ። እሁድ ጠዋት እግርህን አድርገህ ትወጣለህ። እንዳስተማርከኝ መጀመሪያ አንዴ ዞረህ አራቱንም ጎማ ታያለህ፤ ያን ያህል ብትራመድልኝ ይበቃኛል። ከዚያ ወንበሩ ያንተ ነው፣ ማንም አልነካውም። እኔ ጋቢና እቀመጣለሁ፣ ዝም እላለሁ። እሞክራለሁ።

ጤናውን ያብዛልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህን ሁሉ ደልዳላ ያድርግልህ። ካልደለደለም ፎርዊል አለን።

ልጅህ፣
ጎሚስታው፣ እስረኛው፣ የስምንተኛ ክፍል ሊቁ

ቁልፉ ዝም ብሎ ቢቀር ጠፍቶ ነው ወይስ ይዘኸው ነው እያልኩ አላብድም። በወረቀት ጻፍልኝ፣ አንድ መስመር ይበቃል። ሐሙስ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት። ቶሎ።